ሁለት ላፕቶፕ በአንድ ፈረስ

እኔ እንጅባራ ከተማ የሒሳብ መምህር ነኝ። ይህን የማስቀድመው ለመመጻደቅ አይደለም፤ በኋላ የምነግራችሁን ጅልነት ስትሰሙ "ይሄ ሰውዬ ፊደል አልቆጠረም እንዴ?" ብላችሁ እንዳትደክሙ ነው። ቆጥሬአለሁ። ችግሬም እሱ ነው፤ መቁጠር ከጀመርኩ ማቆም አይሆንልኝም። ማወዳደር የሚባል አመል ተጠናውቶኛል። መናኸሪያ ሄጄ ከተሰለፉት ሚኒባሶች የቱ ቶሎ እንደሚሞላ፣ የየትኛው ጎማ አዲስ እንደሆነ፣ የትኛው ሹፌር እንቅልፍ የጠገበ እንደሚመስል ሳመዛዝን ሁሉም ሞልተው ይሄዳሉ። ጸጉሬን ልቆረጥ ወጥቼ፣ ሁለት ጸጉር ቤቶች መሀል ቆሜ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ማጅራት ስመረምር ውዬ፣ እንደጎፈርኩ የተመለስኩበት ቀን አለ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ "ለመሆኑ እኔን እንዴት አገባኸኝ?" ትለኛለች። እውነቱን ካወራን የወሰነችው እሷ ናት። እኔ ገና እያሰብኩ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከጥሩወርቅ ትከሻ ነው። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ በየቀበሌው ያሉትን ጤና ኬላዎች እየዞረች መዝገብ ታያለች፣ ሪፖርት ትሰበስባለች። መንገዱ ጥቂቱ በሚኒባስ፣ ጥቂቱ በባጃጅ፣ የቀረው በእግር ነው። በእግር መሄዱን ትወደዋለች። ጠዋት በጭጋጉ ውስጥ እያንጎራጎረች ስትወጣ እሷ ከዓይኔ ከጠፋች በኋላ እንኳ ድምፅዋ ይሰማኛል። የማትወደው የምትሸከመውን ላፕቶፕ ነው። እሱን ደግሞ የመረጥኩላት እኔ ነኝ። ስንጋባ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሳነጻጽር ከርሜ፣ "ስክሪኑ ሰፊ ነው" ብዬ ካገኘኋቸው ሁሉ ግዙፉን ገዛሁላት። ጥሩወርቅ ባየችው ጊዜ "ጎተራው" የሚል ስም አወጣችለት። ጎተራው ቦርሳዋን ብቻውን ስለሚሞላው ጃንጥላዋን በእጇ፣ መዝገቧን በብብቷ ይዛ ነበር የምትሄደው።

በዚያ ላይ የገጠሩ ሰው ደግነት አለ። ልጇን ያስከተበች እናት ጥሩወርቅን ባዶ እጇን አትሸኛትም። ድንች ትቋጥርላታለች፣ ቦሎቄ ትቋጥርላታለች፣ ማር የቆረጠ ቤት ከደረሰች ደግሞ ማር አለ። ጥሩወርቅ ግን ጎተራውን ተሸክማ ሌላ መጨመር ስለማትችል "እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌላ ጊዜ" እያለች ትመልስላቸዋለች። ውሎ አድሮ ሰዎቹ ተቀየሟት። "የከተማ ሰው ሆና ናቀችን" አሉ። ይህን የነገረችኝ ቀን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ በዚያች ሰዓት የሁለት ክብሪቶችን እንጨት ብዛት እያነጻጸርኩ ስለነበር ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አንድ ረቡዕ ማታ ቦርሳዋን አውርዳ ትከሻዋን እያሸች፣ "ኃላፊው ካርድ ክፍል ቦታ አለ ብሎኛል። ሰኞ ጠዋት መልስ ስጪኝ አለኝ" አለችኝ።

"ካርድ ክፍል? ተቀምጠሽ ካርድ ልትፈልጊ?"

"እኔስ መች ወደድኩት? ግን ትከሻዬ አልቻለም። ቀላል ላፕቶፕ እስከ ሰኞ ከተገኘ መንገዴን እቀጥላለሁ። ካልተገኘ እሺ እለዋለሁ።"

ጥሩወርቅን አራት ግድግዳ መሀል ተቀምጣ ማሰብ አልቻልኩም። "እስከ ሰኞ ይገኛል!" አልኩና ደረቴን መታሁ። እሷ ደረቴን ሳይሆን ፊቴን አየችው። "በሞቴ፣ አትቁጠር። ግዛ ብቻ" አለችኝ።

በማግስቱ ከሰዓት ዳንግላ ወረድኩ። እዚያ ሙሉቀን የሚባል የድሮ ተማሪዬ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ይሸጣል። ጉዳዬን ሰምቶ ሁለት ትንንሽ ላፕቶፖች ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። አንዱ ነጭ፣ ሰፋ ያለና ስስ፤ ጎኑን ሳየው ሰው በምን አንጀቱ ይሠራበታል ያሰኛል። ሌላው ጥቁር፣ አጠር ያለና ወፈር ያለ። ወዲያው ጭንቅላቴ ውስጥ የሚታወቀው ወፍጮ መዞር ጀመረ። ነጩን አነሳሁ፣ ጥቁሩን አነሳሁ፣ መልሼ ነጩን አነሳሁ። ሙሉቀን ሱቁን የሚዘጋበት ሰዓት ደረሰ።

"ቲቸር፣ ሁለቱንም ይውሰዷቸው" አለኝ በመጨረሻ። "እቤትዎ ሆነው ይምረጡ። የሚተርፈውን አንድ የቻግኒ ነጋዴ ይፈልገዋል፣ ማክሰኞ ይመጣል። ሰኞ ይመልሱልኝ።"

"ችግር የለም፣ ሰኞ።"

"ቲቸር፣ ሰኞ ስል ሰኞ ነው። አውቅዎታለሁ እኮ። የአሥረኛ ክፍል የመጨረሻ ፈተናችንን ውጤት እስካሁን አልነገሩንም።"

እውነቱን ነው። ሁለት ተማሪዎች ለአንደኝነት ተቀራርበውብኝ ነበር።

ዓርብ የመጠን ቀን ሆነ። የትምህርት ቤቱን ትልቁን የእንጨት ማስመሪያ ተውሼ መጥቼ ርዝመት፣ ወርድ፣ ውፍረት፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ለካሁ። ነጩ በወርድ ይበልጣል፣ ጥቁሩ በውፍረት ይበልጣል። አባዝቼ ይዘታቸውን ሳወጣ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። ጥሩወርቅ በአጠገቤ ስታልፍ "እና?" አለችኝ። "ገና ክብደት ይቀራል" አልኳት። ቦርሳዋ ከበስተጀርባዬ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ልብ አላልኩትም።

ቅዳሜ ሁለቱን በፌስታል ይዤ ገበያ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት እህል ነጋዴው ዘንድ ነው። ነጩን ባስኩላው ላይ አስቀመጥኩት፤ ሚዛኑ ነገሬም አላለው። ጥቁሩን ደረብኩበት፤ ያው ነው። ነጋዴው ኩንታል ተደግፎ ሲያየኝ ቆይቶ "መምህር፣ ይሄ ለጤፍ ነው። ከፈለጉ እርስዎም ይውጡበትና ከነላፕቶፕዎ እንመዝንዎት" አለኝ። ወጣሁ። ከዚያ ወረድኩና ያለ ላፕቶፕ ድጋሚ ወጣሁ። ልዩነት የለም። እንደ ባስኩላው አነጋገር ላፕቶፖቹ አልተፈጠሩም።

ከዚያ ቅቤ ተራ ገባሁ። እትዬ እናኑ የሚባሉ ቅቤ ሻጭ ባለ ሁለት ሰሃን ሚዛን አላቸው። ስለምናውቃቸው ፈቀዱልኝ። ነጩን በአንዱ ሰሃን፣ ጥቁሩን በሌላው። የጥቁሩ ሰሃን ዝቅ አለ። "ነጩ ቀላል ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሰው መሰብሰብ ጀመረ።

"ቆይ፣ የኔ ሸጋ" አሉ እትዬ እናኑ። "እኔ ቅቤ ስመዝን ቅሉን እቀንሳለሁ። የዚህ ቅል የቱ ነው?"

"ቅል የለውም፣ እትዬ።"

"በምንድን ነው ታዲያ የሚበላው?"

የሚበላው መብራት እንደሆነ ነግሬ ቻርጀሮቹን ከፌስታሉ አወጣሁላቸው። የነጩ ቻርጀር ለካ ጡብ የሚያህል ነው። ሁለቱንም ስንደርብ አሁን የነጩ ሰሃን ወረደ። ገበያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ያለ ቻርጀር መመዘን አለበት አለ። ግማሹ ደግሞ ፈረስ ያለ ገፈራው፣ ያለ መኖው ይገዛል ወይ ብሎ ተከራከረ። አንድ ሽማግሌ ላፕቶፕ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ለጥቁሩ ወግነው ሲሟገቱ ሰማኋቸው። እትዬ እናኑም ነገሩን ሊያበርዱ ሁለቱን ላፕቶፖች በቅቤ እጃቸው እያነሱ ወደ ፌስታሌ መለሱልኝ። እቤት ስደርስ ሁለቱም በቅቤ አብረቅርቀው ነበር፣ ነጩ ትንሽ በለጠ።

ከሰዓት የፍጥነት ተራ ሆነ። ጥሩወርቅን ጠርቼ "አንቺ የነጩን ማብሪያ፣ እኔ የጥቁሩን፤ ሦስት ስል እንጫን" አልኳት። በሁለት ላይ ተጫነችው። ደገምነው። በአንድ ላይ ተጫነችው። "ልብስ ላወጣ ነው፣ ቶሎ በል" አለችኝ። ብቻ ነጩ ዓይን ሳይጨፈን ይነሳል፤ ጥቁሩ ትንሽ ያስባል። እኔ የሚያስብ ነገር ስለምወድ ለማሰቡም ነጥብ ሰጠሁት። ወዲያው መብራት ሄደ፣ ማንም ሳይጠይቀው ባትሪ ሊፈትንልኝ። ነጩ ቶሎ ደከመ፣ ጥቁሩ ቆየ። ይህን ሁሉ በአሥራ አራት መስፈርት ከፋፍዬ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁና ደመርኩ። እኩል ወጡ። አሥራ አምስተኛ መስፈርት "መልክ" ብዬ ጨመርኩ። አሁንም እኩል። ጥሩወርቅ ልብስ እያጠፈች ሠንጠረዡን አየችው፤ ከዚያ ጎተራውን አየችው።

"ነገ እሑድ አይደል?" አለች። "አባባ ዘንድ እንሂድ። ሁለቱንም ያዛቸው። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ፈረስ ሲመርጥ ነው የኖረ። አንድ ቀን ሲጸጸት አላየሁትም።"

አማቴ አቶ ጫኔ የሚኖሩት ከዘንገና ሐይቅ እልፍ ብሎ ነው። ድንች ያመርታሉ፤ ከድንቹ በላይ ግን ፈረሳቸውን ዳማን ይወዳሉ። በየዓመቱ ፈረሰኛው ሁሉ አጊጦ በሚወጣበት በዓል ላይ እሳቸውና ዳማ ሳይታዩ ቀርተው አያውቁም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስንደርስ ከቀርከሃ አጥራቸው ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ጉዳዩን ጥሩወርቅ በአገውኛ አስረዳቻቸው። ምን እንዳለቻቸው ባይገባኝም በመሀል እኔን እያዩ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እስቲ አምጣቸው" አሉኝ በአማርኛ። "አፉን ክፈተው።"

"የቱን፣ አባባ?"

"የነጩን።"

ክዳኑን ገለጥኩላቸው። ጎንበስ ብለው በሌባ ጣታቸው ፊደላቱን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ጥግ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "ይሄ ጥርሱ ጎድሏል" አሉ።

አየሁ። እውነትም ጥጉ ላይ አንዷ ቁልፍ ተነቅላ ወድቃ ባዶ ቦታዋ ቀርቷል። ሦስት ቀን ሙሉ በማስመሪያ፣ በባስኩላ፣ በቅቤ ሚዛን ስፈትነው አላየኋትም። ከዚያ ነጩን አስነሱኝና ትንሽ ቆይተው ሥሩን በመዳፋቸው ዳበሱት። "ሆዱ ይግላል። ምን አብልተኸው ነው?"

"ግን አባባ፣ ሲነሳ እኮ ፈጣን ነው!"

"ዳማም ሲነሳ ፈጣን ነው። መቆሙ ላይ ነው የሚያስቸግረኝ" አሉ። ይህችንም ልብ በሉልኝ።

በዚሁ ብንጨርስ ኖሮ ይህን ወግ አልጽፍም ነበር። አማቴ ግን ከጭነት በፊት ፍርድ አይሰጡም። ከብት ሲገዙም ሆነ ፈረስ፣ መንገድ ላይ ሳያዩ እጅ መምታት የለም። "ልጄ የምትሄድበትን መንገድ ይሂዱት። ከዚያ እናያለን" አሉ። ላፕቶፕ እግር እንደሌለው ላስረዳ ሞከርኩ። "ለዚህ አይደል እንዴ ዳማ ያለው?" አሉኝ። እኔም ይግረማችሁ፣ ሐሳቡን ወደድኩት። አሥራ ስድስተኛ መስፈርት ሆኖ ታየኝ።

የዕለት ኮርቻውን ለጎረቤት አውሰው ስለነበር የበዓሉን አወጡ። ባለ ጥልፍ የኮርቻ ልብስ ማለትም ግላስ፣ ባለ ቃጭል ልጓም፣ ከግራና ከቀኝ ባለ ዘርፍ የቆዳ ኮሮጆ። ዳማ ግላሱን ሲያይ ጆሮውን አቆመ። ነጩን ከነቻርጀሩ በቀኝ ኮሮጆ፣ ጥቁሩን ከነቻርጀሩ በግራ ከተትኩ። ጭነቱ ወደ ነጩ አጋደለ። እኔ ደግሞ እኩል ያልሆነ ነገር ዓይኔን ያሳክከኛል። ከጓሮ ሦስት ድንች አምጥቼ ከጥቁሩ ጋር ጨመርኩና ልክ አመጣሁት። ጥሩወርቅ ድንቹ ሲገባ ትኩር ብላ አየች። አማቴ ልጓሙን ይዘው ከፊት፣ እኔ ደብተሬን ይዤ ከጎን፣ እሷ ባዶ የሥራ ቦርሳዋን አንግታ፣ ጃንጥላዋንና መዝገቧን ይዛ ከኋላ ሆነን ጉዞ ጀመርን።

እስከ ሐይቁ መታጠፊያ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። እኔ እየጻፍኩ ነበር። መታጠፊያው ላይ ከክርስትና የሚመለሱ ሴቶች ገጠሙን። የተጌጠ ፈረስ ሲያዩ ጊዜ እልል አሉ። ደግነታቸው ነው። ዳማ ግን ግላስ ለብሷል፣ ቃጭሉ ይጮሃል፣ እልልታው ደርሷል፤ በእሱ ሒሳብ በዓሉ ገብቷል ማለት ነው። አማቴን ከነልጓሙ ትንሽ ወሰዳቸው፣ ከዚያ ተዋቸው። ሁለቱ ላፕቶፖች ፈረሰኞቹ ወደሚለማመዱበት ሜዳ ጋለቡ።

"ያዙት!" አልኩ። "ሰኞ ይመለሳል! የቻግኒው ሰውዬ!" ሰው ሁሉ የቻግኒ ሌባ የመጣ መስሎት ዱላ ይዞ ወጣ። ድንች ይቆፍሩ የነበሩት መቆፈሪያቸውን እንደያዙ ተከተሉኝ። እኔ በማሳው ውስጥ ላቋርጥ ስል ቦይ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ። አማቴን ዞሬ ሳያቸው እየሮጡ ናቸው፣ ግን ፊታቸው ላይ ጭንቀት የሚባል የለም። "እየው! አንገቱን እየው! ዘንድሮ እኮ ብሶበታል!" ይሉኛል። እኔ ያየሁት አንገቱን አልነበረም። ከቀኙ ኮሮጆ የነጩ ቻርጀር ወጥቶ በገመዱ እየተንጠለጠለ ሣሩን ሲመታ አየሁ። ከሱም በላይ ካርድ ክፍሉ ታየኝ። በመደርደሪያዎቹ መሀል የተቀመጠች፣ የማታንጎራጉር ጥሩወርቅ ታየችኝ። ያን ጊዜ ከልቤ ፈራሁ። ሮጬ እንደማላውቀውም ሮጥኩ።

ሜዳው ስንደርስ ዳማ ሦስት ዙር ዞሮ ጨርሶ፣ መሀል ላይ ቆሞ ጭብጨባ ይጠብቅ ነበር። ልጓሙን የያዘችው ጥሩወርቅ ናት። እኛ በመንገድና በማሳ ስንዳክር እሷ ሁልጊዜ ለሥራ በምታልፍባት በእግር መንገዷ ቆርጣ ቀድማናለች። ቃሬዛ የሚያስፈልገኝ መስዬ ሥሯ ወደቅኩ። "ደህና ናቸው?" አልኳት። "አንተስ?" አለችኝ።

ደህና ነበሩ። የአማቴ ኮሮጆ ወፍራም ቆዳ ነው። ጥሩወርቅ ነጩን አውጥታ በሻሿ ጠረገችውና ከራሷ ቦርሳ ውስጥ ልትከተው ሞከረች። አንድ ማዕዘኑ ወጥቶ ቀረ፤ ዚፑ አልዘጋም አለ። አወጣችውና ጥቁሩን ከተተችው። ገባ። ቻርጀሩን ጨመረች፣ ጃንጥላዋን ጨመረች፣ መዝገቧን ጨመረች፣ ሻሿን ጠቅልላ ጨመረች። ቦርሳዋን ከፍታ ወደ ውስጥ አየች። ከዚያ ሦስቱን ድንች አንስታ አንድ በአንድ ከላይ አስቀመጠቻቸውና ዚፑን ዘጋችው። ዚፑ ያለ ችግር ሄደ።

"ቦታ ይተርፋል" አለች። "ይሄ ነው የኔ።"

ሠንጠረዤን አወጣሁ። በጭቃ ቢሸፈንም ይነበባል። መጠን አለ፣ ክብደት አለ፣ ፍጥነት አለ፣ መልክ እንኳ አለ። የሚተርፍ ቦታ የሚል የለም። "እስቲ ቆይ፣ ይህችን አሥራ ሰባተኛ ላድርጋትና..." ስል አማቴ ደብተሩን ከእጄ ወስደው ለዳማ ሰጡት። ዳማ አሽትቶ ተወው። ዱላና መቆፈሪያ ይዞ የመጣው ሰው ግን እልል አለ። ለምን እንደሆነ የገባቸው አይመስለኝም፤ እኔም ደስ ስላለኝ በአንድ ጫማ አብሬ ጨፈርኩ።

ሰኞ ጠዋት ጥሩወርቅ ለኃላፊዋ "ካርድ ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጡት" ብላ ወደ መንገዷ ሄደች። እኔ ከሰዓት ነጩን ይዤ ዳንግላ ወረድኩ፤ የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ለሙሉቀን ነገርኩት። አስነሳው፣ ፈተሸው፣ ይሠራል። የጎደለችው ቁልፍ መሳቢያው ውስጥ ነበረች፤ እዚያው ገጠማት። ከዚያ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተው።

"ቲቸር፣ ቅቤ ነው?"

"ቅቤም አለ። የፈረስ ላብም አለ።"

"የቻግኒው ሰውዬ ሲመጣ ምን ልበለው?"

"በሁሉም ነገር ተፈትኗል በለው" አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። የአሥረኛ ክፍል ውጤቱንም በቃሌ ነገርኩት። ለአንደኝነት ከተቀራረቡት ከሁለቱ አንዱ ለካ እሱ ነበር። እኩል ናችሁ አልኩትና ተገላገልኩ።

እቤት ስገባ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር። ጥሩወርቅን ከማየቴ በፊት ሰማኋት፤ በአጥሩ ማዶ እያንጎራጎረች ትመጣለች። በሩን ከፈትኩና ቦርሳዋን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ቦርሳው እጄን ይዞት ወረደ። መሬት ልጥለው ምንም አልቀረኝ። ጎተራውን በዚያ ቦርሳ ውስጥ ሺህ ጊዜ አንስቼዋለሁ፤ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።

"ምንድን ነው ይሄ?"

ዚፑን ከፈተችው። ጥቁሩ ላፕቶፕ ከሥር በሻሽ ተጠቅልሏል። ከላዩ ድንች፣ ከድንቹ ላይ በፌስታል የተቋጠረ ቦሎቄ፣ ከቦሎቄው ጎን በትንሽ ጠርሙስ ማር።

"ሁሉም ቤት ገባሁ" አለችኝ፣ ፊቷ እየበራ። "ማንንም አልመለስኩም። ያቺ ናቀችን ብላ የነበረችው እናት፣ አቅፋ ሳመችኝ እኮ!"

"ትከሻሽስ?"

"ትከሻዬ ምን ሆነ?" አለችኝ።

ቦርሳውን እንደያዝኩ ቆምኩ። እጄ በልማዱ ወደ ደብተሬ ኪስ ሄደ፤ የዛሬውን ከጎተራው ጋር የማነጻጸርበት አንድ ቀላል መንገድ ጭንቅላቴ ውስጥ ብልጭ ብሎ ነበር። እሷ ግን ጫማዋን እያወለቀች ያቋረጠችውን ዘፈን ቀጠለች። እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ቢላዋ ፈልጌ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና፣ ትልቁን ከትንሹ ሳልለይ፣ እጄ እንደያዘው ድንቹን መላጥ ጀመርኩ።